ሁለት ሽማግሌዎች በደጄ

በሩን የከፈትኩት ለእነሱ አዝኜ አልነበረም። ይህን ቀድሜ ልናዘዝ፤ አለዚያ ከዚህ በታች የምጽፈው ሁሉ የአንድ ደግ ሰው ወሬ ይመስልብኛል። በሩን የከፈትኩት አራት ቀን ሙሉ ከሰው ጋር ስላልተነጋገርኩ ነው።

ጊዜው እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 2006፣ በእኛ ታኅሣሥ 1999 ዓ.ም. መግቢያ ነው። ቦታው አዮዋ ሲቲ፣ አሜሪካ። ያኔ በሠላሳዎቹ አጋማሽ ላይ ያለሁ የሥነ ጽሑፍ መምህር ነበርኩ፤ አንድ ዓመት አንብብ፣ ጻፍ ተብዬ ነው የሄድኩት። አዮዋ ሲቲን የማያውቅ አንባቢ እንዲህ ያስባት፦ ዩኒቨርሲቲው ከተማውን የዋጠባት፣ ተማሪ ሲኖር እንደ ገበያ የምትሞላ፣ ተማሪ ለበዓል ሲበተን ደግሞ ስብሰባ እንዳለቀበት አዳራሽ ጭር የምትል ትንሽ ከተማ። በየመስኮቱ መብራት ይብለጨለጫል። በየሱቁ የበዓል ዘፈን ይንቆረቆራል። የሰዉ ገና ደርሷል፤ የእኔ ገና ግን ገና ነው። ከኅዳር 15 ጀምሮ የነቢያትን ጾም ይዣለሁ፤ እስከ ታኅሣሥ 29 ድረስ ምስርና ሽሮ ነኝ። አገሬ ሳለሁ ይህን ጾም ያን ያህል አልጠነቀቅለትም ነበር። ስደት ሃይማኖተኛ ያደርጋል ይባላል። እኔን ያደረገኝ ናፍቆተኛ ነው፤ ጾሙ ከቤቴ ጋር የሚያገናኘኝ ክር ሆኖ ነበር የያዝኩት።

እንግዲህ በዚህ መሀል ነው አንድ ምሽት በሬ የተንኳኳው። ስከፍት ሁለት ልጆች ቆመዋል። ከካፖርታቸው ስር ነጭ ሸሚዝና ከረባት፤ ደረታቸው ላይ ጥቁር የስም ምልክት። ጆሯቸው ከብርዱ የተነሳ በርበሬ መስሏል። አንዱ ረዥም፣ አንዱ አጭር። ስማቸውን እዚህ አልጽፍም፤ ረዥሙና አጭሩ እያልኩ እቀጥላለሁ። የስም ምልክታቸው ላይ ከአባታቸው ስም በፊት «ኤልደር» የሚል ማዕረግ ተጽፏል። ሽማግሌ ማለት ነው እኮ! ረዥሙ አሥራ ዘጠኝ፣ አጭሩ ሃያ ዓመቱ ነው። ጢም እንኳን በቅጡ ያልበቀለላቸው ሽማግሌዎች።

ሞርሞኖች ናቸው። ቤተ ክርስቲያኒቱ «የኋለኛው ቀን ቅዱሳን የኢየሱስ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን» ተብላ እንድትጠራ ትፈልጋለች፤ ከ2018 ወዲህማ ሞርሞን የሚለውን ስም እንድንተወው በግልጽ ጠይቃለች። እኔ የማወራው በዚያን ጊዜ አጠራር ነው። ጆሴፍ ስሚዝ የተባለ ሰው እ.ኤ.አ. በ1830 በኒውዮርክ ክፍለ ሀገር የመሠረታት ናት። ወንድ ልጆቿ ለአቅመ አዳም ሲደርሱ ሁለት ዓመት ለስብከት እንዲወጡ ትጠብቃለች። በዚያ ዘመን የመነሻው ዕድሜ 19 ነበር፤ በ2012 ወደ 18 ወርዷል። እኔ በሬን የከፈትኩ ጊዜ በዓለም ዙሪያ ከ50 ሺሕ በላይ እንዲህ ያሉ ልጆች በር እያንኳኩ ነበር።

ኑሯቸውን ሲነግሩኝ የሰማሁት የውትድርናና የምንኩስና ድብልቅ ነው። ጠዋት 12፡30 ይነሳሉ፣ ማታ 4፡30 ይተኛሉ። አንዱ ከሌላው ዓይን አይጠፋም። ቴሌቪዥን የለ፣ ሲኒማ የለ፣ የሴት ጓደኛ የለ። በሳምንት አንድ ቀን ልብሳቸውን ያጥባሉ፣ ለቤተሰባቸው ይጽፋሉ። ደመወዝ ቀርቶ ወጪያቸውን የሚችሉት ራሳቸው ወይም ወላጆቻቸው ናቸው፤ ያኔ በወር 400 ዶላር ነበር። የት እንደሚላኩ አይመርጡም፤ ደብዳቤ ይመጣል፣ ቤተሰብ ተሰብስቦ ይከፈታል፣ አንዱን ብራዚል፣ አንዱን ጃፓን ይለዋል። ረዥሙ የአይዳሆ የድንች ገበሬ ልጅ ነው። ደብዳቤው «አዮዋ» ሲል አያቱ በሳቅ ወደቁ አለኝ፤ ከድንች ማሳ ወደ በቆሎ ማሳ። አጭሩ የዩታ ልጅ ነው፤ ይህ ሁለተኛ ገናው ስለሆነ ቀልድ ያውቃል። ለረዥሙ የመጀመሪያው ነው።

ስሰማቸው የታወሰኝ አባቴ ነው። አባቴ በልጅነቱ ከወሎ ጠፍቶ ጎጃም ወርዶ የቆሎ ተማሪ ነበር። ደበሎ ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ፣ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ በየደጁ ይቆም ነበር። ባቱ ላይ እስኪሞት ድረስ አብራው የኖረች የውሻ ንክሻ ጠባሳ ነበረችው፤ እኛ ልጆቹ «የዳዊት ጠባሳ» እንላታለን፣ ዳዊት እየደገመ ነው የተነከሰው። እነዚህ ልጆችም ለካ የቆሎ ተማሪ ናቸው አልኩ በልቤ። ልዩነቱ ቆይቶ ነው የገባኝ። የቆሎ ተማሪ ቁራሽ ይለምንሃል፤ ሰጪው አንተ ነህ፣ ጽድቁም የአንተ ነው፤ ከሌለህ ደግሞ «እግዜር ይስጥልኝ» ብለህ ትሸኘዋለህ። እነዚህኞቹ ግን እንስጥህ ብለው ነው የሚለምኑት። የሚለምኑት ጆሮህን ነው፤ ከዚያም አለፍ ሲል አንተኑ። ለዚህ «እግዜር ይስጥልኝ» መልስ አይሆንም፤ እግዜር የሰጠውን ይዘን መጣን ነው እኮ የሚሉት።

ግቡ አልኳቸው። ቡና አፈላሁ፤ ያው የእኛ ሰው ሌላ ምን ያውቃል። አንጠጣም አሉ። ሻይስ? እሱንም አንጠጣም። ትምባሆና አልኮል እንደማይነኩ አውቅ ነበር፤ ቡና ግን! የቡና አገር ሰው ቤት ገብቶ ቡና አልጠጣም ማለት ምን ማለት እንደሆነ ላስረዳቸው ሞከርኩና ግማሽ መንገድ ላይ ራሴን ያዝኩ። እስከ አሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን ድረስ የእኛው ክርስቲያን ቡናን የእስላም መጠጥ እያለ ይሸሸው የለም እንዴ? እኔ ራሴ በጾም ምክንያት ጎረቤቴ ያመጣችልኝን የቅቤ ብስኩት መልሼ የለም እንዴ? ዝንጅብል ከቀረፋ ጋር አፍልቼ ሰጠኋቸው። እሱን ጠጡ። ከዚያ ወዲያ የእኛ ግንኙነት የዝንጅብል ግንኙነት ሆነ።

አንድ የሰዋስው ጉዳይ አለ። እንግሊዝኛ አንተና አንቱ አይለይም፤ ልጆቹ ግን «ሰር» ከአፋቸው ስለማይጠፋ ንግግራቸውን በአንቱታ አደርገዋለሁ።

ከዚያ እየተመላለሱ ይመጡ ጀመር። ትምህርታቸው ተራ አለው፤ አንዱን ሲጨርሱ ቀጣዩን ቀጠሮ ይይዛሉ። መጽሐፋቸውን ሰጡኝ፣ ምዕራፍ አመለከቱኝ። በሚቀጥለው ሲመጡ «አነበቡት?» ይላሉ። አንብቤዋለሁ፤ አልዋሸሁም። ያነበብኩት ግን ሥነ ጽሑፍ አስተማሪ እንደሚያነብ ነው፦ የዓረፍተ ነገሩን አሠራር፣ ከእንግሊዝኛው መጽሐፍ ቅዱስ ጋር ያለውን ዝምድና እያየሁ። «ጸለዩበት?» ይላሉ። «እያሰብኩበት ነው» እላለሁ። ሦስተኛው ቀን ላይ ይጠመቁ እንደሆነ በትህትና ጠየቁኝ። ምን አልኩ? አንባቢዬ፣ ሽማግሌ ተልኮበት የሚያውቅ ቤት ሁሉ የሚያውቀውን መልስ ነዋ! «እስቲ እንመካከርበት፣ ጊዜ ስጡን።» እኛ ዘንድ ይህ መልስ ሁለት ፍቺ አለው፤ ልጅቷን ሊሰጥ ያሰበም፣ ጨርሶ የማይሰጥም አባት ይለዋል፤ ሽማግሌዎቹም ከድምፁ ይለዩታል። የአይዳሆ ልጅ ግን ከድምፅ አይለይም። ጊዜ ስጡኝ ካልኩ ጊዜ እፈልጋለሁ ማለት ነው። ማስታወሻ ደብተሩ ላይ ጻፈኝ።

እውነት ለመናገር ምሽቶቹ ደስ ይሉ ነበር። አንድ ቀን ረዥሙ የአዮዋ ሲቲን ነገር አጫወተኝ። እ.ኤ.አ. በ1856 የባቡሩ ሐዲድ የሚያልቀው እዚህች ከተማ ነበር። ከእንግሊዝና ከስካንዲኔቪያ የመጡ ድሃ ሞርሞኖች ከባቡር ይወርዱና በሬና ሠረገላ መግዣ ስለሌላቸው ከከተማዋ አጠገብ በእጅ የሚጎተት ጋሪ ሠርተው፣ ጓዛቸውንና ልጆቻቸውን ጭነው፣ 2,100 ኪሎ ሜትር ያህል በእግራቸው ወደ ሶልት ሌክ ሲቲ ይሄዱ ነበር። የዚያ ዓመት የመጨረሻዎቹ ሁለት ጓዶች ዘግይተው በጁላይ ተነሱ፤ ኦክቶበር ላይ ዋዮሚንግ ውስጥ በረዶ ያዛቸው። ከ200 በላይ ሰው በመንገድ ቀረ። ልጁ ይህን ሲያወራ ድምፁ ይለወጣል። «እነሱ በዚያ ብርድ ሄደው እኔ በዚህ ብርድ በር ማንኳኳት ያቅተኛል?» አለ። ልብ በሉ፣ ይህን ያለው ማንም ሳይጠይቀው ነው።

በበዓል ሰሞን በር ማንኳኳት ክፉ ሥራ ነው። ሰው ቤተሰቡን ሰብስቦ ሲበላ ከረባት ያሰሩ ሁለት ልጆችን ማየት አይፈልግም። «በዓል ነው እኮ!» ይሏቸዋል፣ የክርስቶስን ልደት እያከበሩ ስለ ክርስቶስ ለሚያወራ። አጭሩ ይህን እያስመሰለ ሲነግረኝ እስቃለሁ። ረዥሙ አይስቅም ነበር።

ዲሴምበር 25 ሰኞ ዋለ። ከሰዓት በኋላ መጡ። ጠዋት አንድ የእምነታቸው ተከታይ ቤት ተጋብዘው፣ ከዚያ ወደ ቤት ደውለዋል። በዚያ ዘመን ወደ ቤት መደወል የሚፈቀድላቸው በዓመት ሁለት ቀን ብቻ ነበር፤ በገናና በእናቶች ቀን። (እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2019 ይህ ሕግ ተለውጦ በየሳምንቱ መደወል ተፈቀደ። የድሮው ይሻል ነበር፣ ልጁን ያጠነክረዋል የሚሉ አሉ። እነዚያ ሰዎች ልጁ ስልኩን ዘግቶ ሲወጣ ያለውን ፊት አላዩም።) ረዥሙ ዓይኑ ቀልቷል። ካፖርቱን ሳያወልቅ ተቀመጠና ዝንጅብሉን በሁለት እጁ ያዘ።

«ለእናቴ ስለእርስዎ ነገርኳት» አለኝ። «ትናንት ማታ ቤተሰቡ በሙሉ ተንበርክኮ በስምዎ ጸልዮልዎታል። ታናሽ እህቴ ስምዎን መጥራት አቅቷት ሦስት ጊዜ ሞከረች አሉኝ።»

አመሰግናለሁ አልኩ። ሌላ ምን ይባላል? ሲወጡ በሩን ዘግቼ መብራት ሳላበራ ተቀመጥኩ። የማላውቃት፣ የድንች እርሻ ላይ የምትኖር አንዲት እናት የልጇን የመጀመሪያ የብቸኝነት ገና የምትችለው በእኔ ነው። «ልጄ ከቤት የራቀው በከንቱ አይደለም፤ አንድ ኢትዮጵያዊ አለ» ትላለች። ያ ኢትዮጵያዊ ደግሞ እኔ ነኝ፣ ሰው ቢጠፋ ሰው ፍለጋ በሩን የከፈተው።

ይሉኝታ የሚባል ነገር አለን። በዩኒቨርሲቲ ሳስተምር ተማሪዎቼን ይህን ቃል በእንግሊዝኛ ተርጉሙ እያልኩ አስቸግራቸው ነበር፤ ማንም አልተሳካለትም። ቃሉ ራሱ ፍቺውን ይናገራል፦ «ምን ይሉኛል» ከሚለው ነው የመጣው። ስለዚህም ብዙ ሰው ይንቀዋል፤ ሰው ፈርተህ የምታደርገው ደግነት ምን ደግነት ነው ይላል። እኔ በዚህ አልስማማም፣ አልስማማም ነበር። ይሉኝታ የሌለው ሰው ጎረቤት ሆኖኝ ስላየሁት፣ ምን ይሉኛል ብሎ የሚያስታርቅ፣ ምን ይሉኛል ብሎ ቀብር የሚደርስ ሰው ይሻለኛል። ልቡ እንዴት እንደሆነ እግዜር ይወቀው፤ እኔ የምፈልገው ቀብሬ ላይ እንዲገኝ ነው።

ያን ማታ ግን ጥያቄው ሌላ ሆነብኝ። ባዶ ከተማ ውስጥ ምን ይለኛል የምለው ማን አለ? ልጆቹን ከደጅ ብመልሳቸው የሚያየኝ የለም። ስለዚህ የፈራሁት ሰው ሳይሆን ራሴን ነበር። ከደጁ እንግዳ የሚመልስ ሰው ሆኜ ራሴን ማየት አልፈለግሁም። መልካምነቴን ለራሴ ለማስመስከር ሁለት ልጆችን ምስክር አድርጌ በየሳምንቱ እጠራለሁ፤ የምስክርነቱን ኪራይ የሚከፍሉት ደግሞ እነሱ ናቸው፣ በተስፋ። በሩን ፊታቸው ላይ የሚዘጋው አሜሪካዊ ምንም አልወሰደባቸውም። አልፈልግም አለ፣ አለቀ። ብርዱ ላይ ትቷቸዋል፤ ግን አላታለላቸውም።

ካንት እ.ኤ.አ. በ1797 በጻፈው አጭር ድርሰት ነፍሰ ገዳይ በርህ ላይ መጥቶ ወዳጅህ ውስጥ ተደብቆ እንደሆነ ቢጠይቅህ እንኳ መዋሸት አይገባህም ብሏል። ይህን ሳስተምር ተማሪዎቼ ሁልጊዜ ይስቁ ነበር፤ እኔም አብሬ። ማን ይሙት፣ ያን ሰው ዋሽቶ መመለስ ኃጢአት ነው? በእኔ ደጅ የቆሙት ግን ነፍሰ ገዳዮች አይደሉም፤ ነፍስ አዳኞች ነን ባዮች ናቸው። ለነፍሰ ገዳይ መዋሸት ከባድ ጥያቄ አይደለም። ሊረዳህ ለመጣ፣ ግን መረዳት ለማትፈልገው ሰው ምን ትለዋለህ? ካንት እዚህ ጋ አልደረሰልኝም።

የእኔ ገና እስኪደርስ ድረስ ለመናገር ወሰንኩ። እስከዚያ ያለውን ሁለት ሳምንት መዘግየቴንም ይሉኝታ አልኩት። ፍርሃት ነው።

ታኅሣሥ 29፣ ጃንዋሪ 7 ቀን 2007 እሑድ ነበር። ልጆቹን ለዶሮ ወጥ ጠራኋቸው። እንጀራውን አንድ ወዳጄ ከቺካጎ ይዞልኝ መጥቷል፤ በርበሬው የእህቴ ነው። ለምሳ ኑ ብላቸው አይቻልም አሉ፤ ለካ በወሩ የመጀመሪያ እሑድ ይጾማሉ። ሁለት ማዕድ ይዘላሉ፣ የዘለሉትን ምግብ ዋጋ ለችግረኛ ይሰጣሉ። እኔ የአርባ ምናምን ቀን ጾሜን በፈታሁበት ቀን እንግዶቼ ጾመኞች ሆኑ! እስኪመሽ ቆየሁላቸው። መሶብ ስለሌለ በትሪ ዘርግቼ አብረን ፈታን፤ ረዥሙ በርበሬው አስነጥሶት ዕንባው ፈሰሰ፣ አጭሩ ሁለተኛ እንቁላል ጠየቀ።

በጨዋታ መሀል የጾሙ ገንዘብ የት እንደሚሄድ ጠየቅኳቸው። ረዥሙ፣ «አባቴ ለአገርዎ ጾሟል» አለ። ሳልወለድ ነው አለ። እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 27 ቀን 1985 የአሜሪካና የካናዳ ሞርሞኖች በሙሉ ለኢትዮጵያና ለሌሎች ረሃብ ለገባባቸው የአፍሪካ አገሮች ልዩ ጾም ታውጆባቸው ነበር፤ በዚያ አንድ ቀን ከ6 ሚሊዮን ዶላር በላይ ተሰብስቦ በቀይ መስቀልና በካቶሊክ የርዳታ ድርጅት በኩል ተላከ። በልቤ ወደ እኛ ቀን መለስኩት፤ ጥር 19 ቀን 1977 ዓ.ም.። ያኔ ደሴ ላይ የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ነበርኩ። እኔ አልተራብኩም፤ አባቴ የመንግሥት ሠራተኛ ነበር። ግን በደሴ በኩል ወደ ሰሜን የሚያልፈውን የስንዴ መኪና ቆሜ ቆጥሬአለሁ፤ በመንገዱ ዳር የነበሩትንም ሰዎች አይቻለሁ፣ ስለነሱ እዚህ አልጽፍም። ከዚያ ስንዴ ውስጥ የትኛው ጆንያ በአይዳሆ ገበሬ ምሳ እንደተገዛ ማን ያውቃል? ላኪው ደጃችንን አላንኳኳም። ስሙን ደረቱ ላይ ለጥፎ አልመጣም። አነበባችሁ ወይ፣ ጸለያችሁ ወይ አላለንም።

ልጁ ይህን ያነሳው ዕዳ ሊያስቆጥረኝ አልነበረም፤ ጨዋታ ነበር። እኔ ግን እጄን ከትሪው አነሳሁ።

«እናትህ በጸሎቷ የምታስበው ሰው እኔ አይደለሁም» አልኩት። «መጽሐፉን ያነበብኩት እንደ አስተማሪ ነው። ለመጠመቅ አንድ ቀን እንኳ አስቤ አላውቅም። ይህን የመጀመሪያው ቀን ልነግራችሁ ይገባኝ ነበር።»

አጭሩ ቀና ብሎ አየኝና፣ «እናውቃለን» አለ። ሁለተኛ ገናው አይደል! «ከሚከፍቱልን ግማሾቹ የሚከፍቱት እናታቸው ሰው በብርድ አታቁሙ ብላ ስላሳደገቻቸው ነው።»

«እኔ አላወቅሁም» አለ ረዥሙ።

ዝም አልን። ከዚያ በዚያው በሚያከብር ድምፁ፣ «አምስት ጊዜ መጥተናል። በዚያ ሰዓት ሌላ በር እናንኳኳ ነበር» አለኝ።

የሚከፍትላችሁ አልነበረም ልለው ነበር። አፌ ላይ ደርሷል። ግን ያን የመወሰን መብት ማን ሰጠኝ? የሁለት ዓመቱ ምሽቶች የእሱ ናቸው፤ በተዘጋ በር ፊት ቢያሳልፋቸውም የእሱ ናቸው። አምስቱን ወሰድኩበት፣ በዝንጅብል ለወጥኩ።

ይቅርታ ጠየቅሁት። ይቅርታዬን አልመለሰም። «ለእናቴ ምን ብዬ ልጻፍላት?» አለ። ይህን ለእኔ ሳይሆን ለአጭሩ ነው ያለው። ቀስ እያለ ተናገረ፤ እንዳልሰማ ይመስል ነበር የሚያወራው። ታላቅ ወንድሙ ለስብከት ወጥቶ በአምስተኛው ወር ተመልሷል። ማንም ክፉ ቃል አልተናገረውም፤ ሰዎች በቤተ ክርስቲያን በር ላይ ሰላም ይሉታል፣ ይስቁለታል፣ ከዚያ ወዲያ ግን ምን እንደሚያወሩት አያውቁም። እናቱ ለሁለት ዓመት ያህል የፊተኛው መቀመጫ ላይ አልተቀመጠችም። «እኔ መምጣት እፈልግ እንደነበር አላውቅም» አለ። «ግን ሁለተኛ ጊዜ ወደኋላ መቀመጫ እንድትሄድ አልፈለግሁም።»

አጭሩ እጁን ትከሻው ላይ አደረገ። እኔ ትሪው ላይ አፈጠጥኩ። ይህ ቃል በእንግሊዝኛ የለም ስል ነበር የኖርኩት፤ ቃሉ ባይኖርም ነገሩ የአይዳሆ ድንች ማሳ ላይ በደንብ በቅሏል። በሩን በይሉኝታ ከፍቼለት፣ በይሉኝታ የመጣ ልጅ ገብቷል። አምስት ጊዜ ፊት ለፊት ተቀምጠን ሁለታችንም ለሌላ ሰው ስንል ዝንጅብል ጠጥተናል። ታዲያ የትኛችን ነን ያታለልነው? እሱ አላታለለም እላለሁ አሁንም። እሱ ዋጋ ከፍሏል፤ ከአሥራ አራት ዓመቱ ጀምሮ በድንች ለቀማ ያጠራቀመውን ብር፣ ሁለት ገናውን፣ የእናቱን ድምፅ። ላያምንበት ይችላል በሚለው ነገር ላይ እንኳ በሙሉ ክብደቱ ነው የቆመው። የእኔ ይሉኝታ ግን ምንም አላስከፈለኝም። ምናልባት ልዩነቱ እዚህ ጋ ይሆናል፤ እርግጠኛ አይደለሁም፣ ከዚያ ወዲህ ባሉት ዓመታት ስንት ጊዜ ሐሳቤን ለውጫለሁ።

ሲወጡ ረዥሙ ወደኋላ ቀረት ብሎ፣ «ከወጡ ጋር የበላነው እንጀራ፣ ስሙን ለእህቴ ልጽፍላት ነው፤ እንዴት ነው የሚጻፈው?» አለኝ። በወረቀት ጻፍኩለት። ከሳምንት በኋላ አጭሩ ከማላውቀው ልጅ ጋር መንገድ ላይ አገኘኝ። ዝውውር ደርሷል፤ በየስድስት ሳምንቱ ያዛውሯቸዋል፣ ረዥሙ ሌላ ከተማ ሄዷል። ሁለት ዓመቱን ጨርሶ እንደሆነ አላውቅም። ከጨረሰ በ2008 ክረምት ቤቱ ገብቷል፤ እኔም ያን ጊዜ አዲስ አበባ ነበርኩ።

ባለፈው ታኅሣሥ፣ እኛ ሰፈር፣ የግቢው ደወል ተጫነ። አንድ ወንድና አንዲት ሴት፣ ሁለቱም ሃያ የሚሞላቸው አይመስሉም፤ የያዙት የሌላ እምነት በራሪ ወረቀት ነው። ብርድ አልነበረም፤ ፀሐዩ ግን አናት ይበሳል። ልጅቷ ጫማዋ አቧራ ለብሷል።

«ልጆች» አልኳቸው፣ «የያዛችሁትን አልቀበልም። ወደፊትም አልቀበልም። ይህን አውቃችሁ ከገባችሁ ውኃም ሻይም አለ፤ ስለሌላ ነገር እንጫወታለን።»

ተያዩ። ወንዱ ሊገባ እግሩን አነሳ መሰለኝ። ልጅቷ ሰዓቷን አየችና፣ «እናመሰግናለን ጋሼ፣ ሌላ ቤት አለብን» አለች።

ባለቤቴ ከጓዳ ሆና «ማናቸው?» አለች። ነገርኳት። «ውይ፣ በዚህ ፀሐይ! ምነው ሳታስገባቸው? ሰው ምን ይላል?» አለች። መልስ አልነበረኝም። በሩን ገርበብ አድርጌ አየኋቸው። ሦስተኛው ግቢ ላይ ሲደርሱ ውሻ ጮኸ። ወንዱ ወደኋላ አለ፤ ልጅቷ ድጋሚ አንኳኳች።